እጅ ያረፈበት ምሰሶ

አሎይስ ፖይንትነር ከጎተራው ጀርባ ባለው ጓሮ ራሱ ተፈንክቶ፣ ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ከራሱ አጠገብ በመረብ የተተበተበ ድሮን ወድቋል። ድሮኑን በመረብ መተኮሻ መሣሪያዋ ያወረደችው የመንደራችን ፖሊስ ቬሮኒካ ሃስልቤክ ስለነበረች፣ የሊንደንባህ ሰው ራት ሳይበላ ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ። እኛ ሾርባችን ይቆያል እንጂ ፍርዳችን አይቆይም።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ሉድሚላ ዚርንጊብል ከከተማ መጣች። አጭር ናት፣ ጡረታዋ ደርሷል፣ ከኪሷ በጨው የታሸ ፍጅል እያወጣች ትቆረጥማለች። ቬሮኒካን የጓሮው ግንብ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትል አገኘቻት።

«መታወቂያሽን ወሰዱት?»

«መሣሪያዬንም።»

«ሕጉን በቃልሽ ንገሪኝ እስቲ።»

«ገና ሦስት ወሩ ነው። ፈቃድ የሌለው ድሮን ሰው ላይ አደጋ ከጣለ የክልላችን ፖሊስ ማውረድ ይችላል። ከሥሩ ሰው አለመኖሩን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።»

«አረጋገጥሽ?»

«የመንደሩ የሙዚቃ ባንድ ሜዳ ላይ ሲለማመድ ድሮኑ የልጆችን ራስ ሊነካ ደርሶ ነበር። ወደ ጎተራው ሲያልፍ የባንዱ ጋሪ ላይ ወጥቼ ጓሮውን በግንቡ አናት አሻግሬ አየሁት። ዶሮ እንኳ አልነበረም። ከዚያ መረቡን ተኮስኩ።»

«ካንቺ ሌላ ያየ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ ተሳስተሽ ከሆነ ሰው ገድለሻል፤ እስር ቤትም ትገቢያለሽ። ከዚያስ?»

«የጓሮው በር ተቆልፎ ነበር። ዋስትል ቁልፉን ይዞ እስኪመጣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ደበደብኩ። ሲከፈት አሎይስ እዚያ ተኝቷል።»

ዋስትል ግሩብማየር የጎተራው ባለቤትና የምሰሶ ኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ነው። ጎተራው ውስጥ ለፀደይ በዓል የሚቆመው ነጭና ሰማያዊ ምሰሶ በጋሪ ላይ ተጋድሟል። ከበዓሉ በፊት ጎረቤቶቻችን፣ የክራይት ሰዎች፣ ሊሰርቁት ይሞክራሉ፤ እኛም የእነሱን። ነውሩ ለተሰረቀው ነው። ጠባቂው ግን እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፎ «ምሰሶው እዚሁ ይቆያል» ካለ ሌባው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን የጣሰ ሰው በሁለቱም መንደር ቢራ የሚቀዳለት አያገኝም። በዚያን ቀን ተረኛው ጠባቂ አሎይስ ብቻውን ነበር።

የድሮኑ ባለቤት ኮርቢኒያን ራውህ ከክራይት ተጠርቶ መጣ።

«ምን ልትሰልል ነው የላክኸው?»

«ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ለማየት ነዋ። አንድ ሽማግሌ ብቻ መሆኑን ባውቅማ በጋሪ እመጣ ነበር።»

«ምሰሶው እዚህ ጎተራ መሆኑን ማን ነገረህ?»

የኮርቢኒያን ጆሮ ቀላ። «ወሬ አይጠፋም።»

«ድሮንህ ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ኮረብታው ላይ። መለከት ነፊዎቹ በሙሉ አይተውኛል። ሰድበውኛልም።»

ኢንስፔክተሯ በጎተራው በር የተለጠፈውን የሠርግ ጥሪ ወረቀት አነበበች። የዋስትል ልጅ የኮርቢኒያንን ልጅ ልታገባ ነው። ሌላ ፍጅል አወጣች።

ዋስትል ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። «ለዚች ልጅ መጫወቻ ሰጧት፤ ሰው ገደለችበት። ሌላ ምን ይመረመራል?»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ።»

«የጓሮው ቁልፍስ?»

«አንገቴ ላይ። አንድ ነው፤ የጎተራውን የኋላ በርም የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው። ለሚስቴም አልሰጥ።»

«ቀለሙ ያምራል። ማን ቀባው?»

«እኔ ነኛ፤ ትናንት ጠዋት። በዚህ ምሰሶ ላይ ሌላ ሰው ብሩሽ አያነሳም።»

እሷ ምሰሶውን ተከትላ እየሄደች እያንዳንዱን የቀለም መስመር በጣቷ ነካች። ሰባተኛው ጋ ቆመች፤ ጣቷን አየት አደረገች። ጎንበስ ብላ የጋሪውን የብረት መንጠቆዎች አሸተተች። ከዚያ ዋስትልን፣ ኮርቢኒያንንና ቬሮኒካን ምሰሶው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ከአስከሬኑ ፎቶ እንጀምር» አለች። «ድሮኑ አሎይስ ላይ ወድቆ ቢሆን መረቡ ከላዩ ይሆን ነበር። የመረቡ ጫፍ ግን ከጀርባው ሥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወደቀው ድሮኑ ነው፤ አሎይስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ቬሮኒካ ወደ ምሰሶው ጠጋ አለች።

«ወደዚህ ስመጣ አስከሬኑን አይቼዋለሁ፤ የቀኝ መዳፉ ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ሰማያዊ ቀርቷል። የሞተ ሰው እጁን አይታጠብም፤ ሌላ ሰው ጠርጎለታል። ቀለሙ እርጥብ ሳለ እጁን ምሰሶው ላይ አሳርፏል ማለት ነው። ምሰሶው ደግሞ ጣሪያ ሥር ነው፤ ድሮን አይደርስበትም። ይህ ሁሉ መንጠቆ ዝጓል፤ አንዱ ብቻ እንደ ማንኪያ ተወልውሎ ያንኑ ማስለቀቂያ ይሸታል። አሎይስ እዚህ ውስጥ ተገፍትሮ በመንጠቆው ተመታ፤ ድሮኑ ሲወድቅ ወደ ጓሮ ተጎተተ።»

«የክራይት ሌቦች ናቸዋ!» አለ ዋስትል።

«እኛ?» አለ ኮርቢኒያን። «እጁን ካሳረፈ በኋላ?»

«ሌባ ቁልፍ የለውም፤ በሩ ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ሳይከፈት ቆይቷል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከሁሉም የገረመኝ ግን ይኼ ነው፤ ምሰሶው ሁሉ ደርቋል፣ ሰባተኛው መስመር ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ እርጥብ ነው። ነፍሰ ገዳዩ አሻራውን ትቶት ቢሄድ ኖሮ ብልህ ነበር። ግን የተበላሸ ምሰሶ በበዓል ሲቆም ማየት አልቻለም። ምሽቱን ተመልሶ ቀባው። በዚህ ምሰሶ ላይ ብሩሽ የሚያነሳው ማነው አልከኝ፣ ዋስትል?»

ዋስትል ወደ ኋላው በር ገልመጥ አለ።

«ለሠርጉ ብለህ ምሰሶውን ለአማቾችህ አሳልፈህ ልትሰጥ ነበር። የኋላውን በር ስትከፍት አሎይስ ያዘህ።»

ኮርቢኒያን መሬት መሬት አየ። «ቀላል ስርቆት ይሆንላችኋል ብሎን ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ዋስትል ድንገት ወደ ኋላው በር ሮጠ። ትራክተሩ እዚያ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ከምሰሶው ማዶ ነበረች፣ ጉልበቷም የጡረተኛ ነው። ቬሮኒካ መሣሪያም መታወቂያም የላትም። እርጥቡ ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ምሰሶው እዚሁ ይቆያል» አለች።

ዋስትል እጁ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለሰማ ሁሉ መቆምን ያስተማረው እሱ ነው። ዞሮ የልጅቷን ሰማያዊ እጅ አየ።

«አሎይስም ልክ እንዲህ አለ» አለ። «እኔ ሳቅሁበት።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናዋን ለቬሮኒካ አቀበለቻት። ለበዓሉ ምሰሶውን ስናቆም ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ጠፋ፤ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው የቬሮኒካ መዳፍ አሻራ እስካሁን እዚያው አለ።