ከል የለበሰው መስኮት

እኔ በሟርትም ሆነ በምልክት የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጉጉት ጮኸ ብሎ መንገዱን የሚሰርዝ ሰው ሲያጋጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ነኝ፣ ሥራዬም ቢሆን ኮምፒውተር ያዘዙትን እንጂ ያላዘዙትን እንደማይሠራ ሲያስተምረኝ የኖረ ሥራ ነው። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው። ስሜን ትዕግሥት ብለው ያወጡልኝ ጠባዬን ሳያዩ ነው፣ ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፣ እንዲያውም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ብሶበታል።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ባለፈው ክረምት የያዝኩት ሥራ ገበሬው እህሉን ሚዛን ላይ ሲያወጣ ክብደቱን በትልቁ ስክሪን የሚያሳይ ነበር፣ ገበሬው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን። ዋናው ሥራ አልቋል፣ የቀረው መልኩ ብቻ ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መስኮት፣ ካላወቃችሁ፣ የራሱ መልክና ጠባይ አለው፣ ቀለሙ፣ ጠርዙ፣ ከጀርባው ያለውን ያሳይ አያሳይ፣ ከሌሎች መስኮቶች በላይ ይቀመጥ ወይስ ከሥር፣ ይኼ ሁሉ በአንዲት መስመር ትእዛዝ የሚቀየር ነው። አለቃዬ ጋሽ አሥራት ደግሞ በመልክ ጉዳይ አይጣል ናቸው። አረንጓዴ ይሁን አሉ፣ አረንጓዴ ሳደርገው ይኼ ጎመን ነው የጤፍ ቡቃያ አድርጊው አሉ፣ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ በላዩ የካርታ ጨዋታ እየከፈተ ስለሚሸፍነው ሁልጊዜ ከላይ ይሁን አሉ።

አባቴ በዚህ ሥራዬ ሲቀልድብኝ ነው የኖረው። መርጡለ ማርያም በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነበር፣ “የኔ መስኮት ብርድ ይከለክላል፣ ያንቺው ምን ይከለክላል ልጄ?” ይለኛል። አንድ መስኮት ሰቅሎ ሲጨርስ በጣቱ አንጓ ቋ ቋ አድርጎ ይመታና ጆሮውን ደግኖ ያዳምጣል፣ እንጨቱ በደንብ መድረቁን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ኮምፒውተሬን ስከፍት መጀመሪያ የሚታየው የሱ ፎቶ ነው፣ ሥራ ቦታው ደጃፍ ቆሞ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፍቶ በአንድ እጁ እንደያዘ ሲስቅ።

እንግዲህ ያ ቀን። ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ ሌሊት ነበር ይላል፣ እኔ የማወራችሁ ግን በቀን፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት የሆነውን ነው። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ዘቢባ ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ፣ “ስልክሽን አምጪው እስቲ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ” አለችኝ። ሙሉ ነው ብላት፣ “ግድ የለሽም ስጪኝ” ብላ ከእጄ ወሰደችው። እኔም ጅሏ ሰጠኋት።

ሥራ ጀመርኩ። አረንጓዴ ብዬ ጻፍኩ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩት፣ ጥቁር ሆኖ መጣ። ጥቁር ስላችሁ ደግሞ የስክሪን ጥቁር አይደለም፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ድሮ ሐዘንተኛ ሴቶች ነጭ ቀሚሳቸውን ጭቃ ውስጥ ነክረው የሚያወጡት ዓይነት፣ ከል። የቀለሙን ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አየሁት፣ አልተሳሳትኩም። ደግሜ ጻፍኩት፣ ከል። ቀይ ብዬ ሞከርኩ፣ ነጭ ብዬ ሞከርኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ከል።

“ዘቢባ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው?” አልኳት።

መጥታ አየችው፣ “አቧራ ዓይኔ ገባ” ብላ ፊቷን ሸፍና ወጣች። በሐምሌ! ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠን ገብተን፣ የምን አቧራ? ያኔ ግን ልብ አላልኩትም፣ ሐሳቤ ሁሉ መስኮቱ ላይ ነበር።

ተናድጄ ልዘጋው ስል አልዘጋ አለኝ። ሌላ ነገር ስከፍት እላዩ ላይ ይወጣል። ከላይ ተቀመጥ የሚለውን ትእዛዝ ከነጭራሹ አጠፋሁት፣ እሱ እቴ፣ ንቅንቅ የለም፣ ፊቴ ላይ ተገትሮ ቀረ። “ምን አባክ ሆነህ ነው አንተ!” ብዬ ጠረጴዛውን ስደበድብ ጋሽ አሥራት ከክፍላቸው ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማኅበር ዕቃ ሰበርሽ ብለው ቢሮውን በአንድ እግሩ የሚያቆሙት ሰውዬ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “በቃ ይቅር ልጄ፣ ጥቁሩም አይከፋም፣ አትድከሚ” አሉኝ። ስንት ጊዜ በአረንጓዴ ዓይነት ያንገበገቡኝ ሰውዬ! ይኼም አላነቃኝም።

ከምሳ በኋላ ድምፁ መጣ። ቋ ቋ። ዝም ይልና ደግሞ ቋ ቋ። ጣሪያው ላይ ካለው ዝናብ የተለየ ነው፣ ከስክሪኑ ጀርባ ነው የሚመጣው፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ስፒከሩ እንኳን አልተሰካም። እመኑኝ፣ ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ፣ ያደግኩበት ድምፅ ነው። ቀና ስል መስኮቱ መሳሳት ጀምሯል፣ ማንም ሳሳ አላለውም፣ የጻፍኩት ትእዛዝ ድፍን ሁን ነው የሚለው፣ እሱ ግን እንደ አሮጌ ሻሽ እየሳሳ ሄደና ከጀርባው ያለው የአባቴ ፎቶ ብቅ አለ። አባቴ እንደቆመ ነው። እጁም መዝጊያው ላይ ነው። መዝጊያው ግን ተዘግቷል።

“ስልኬን አምጪ! አባቴ ጋ ልደውል!” አልኳት ዘቢባን።

“መብራት ጠፍቶ እኮ አልሞላም” አለችኝ። ኮምፒውተሩ ፊቴ በርቶ! የአባቴን ቁጥር በቃሌ ስለማልይዘው በጋሽ አሥራት ስልክ ባሌ ጌታነህ ጋ ደወልኩ፣ “አሁን ከአባትሽ ጋ አውርቻለሁ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ መጥቼ እወስድሻለሁ” አለኝ። ባሌ ነውና አመንኩት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። የንስሐ አባታችን፣ ጋሽ አሥራት፣ ዘቢባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አገሩ ያውቃል፣ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኽኩ። አባቴ ያረፈው ያን ቀን ቢሮ ከመግባቴ በፊት በነበረው ሌሊት ነበር፣ ጠዋት ስልኬን ስሰጥ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ እኔ ከቀለም ጋር ስታገል ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነበር፣ ቋ ቋ ሲል የነበረው በቀብሩ ሰዓት ነው። ልጁ ትምጣ ቢባል ቀብሩ አንድ ቀን ይቆይ ነበር። “ለእርጉዝ በድንገት መርዶ አይነገርም፣ ላንቺው ብለን ነው” አለኝ ጌታነህ። ለኔ! ለኔ ካሰባችሁ አባቴን አፈር ላልብሰው፣ ሬሳው ላይ ላልቅስ፣ ከዚያ የሚሆነውን እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን! የመርዶ ወግ አለ፣ አውቃለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው አጠገብሽ ሆኖ ይነገርሻል፣ ደግ ወግ ነው፣ ግን ቀን ሙሉ ፊቴን እያዩ እንዲዋሹኝ ማን ፈቀደላቸው? ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እውነቱን የነገረኝ አንድ ዕቃ ነው፣ እሱንም ስደበድበው ዋልኩ።

ከአርባው በኋላ ቢሮ ተመልሼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። አረንጓዴ። የጤፍ ቡቃያ። ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት፣ ምንም የለበትም። ፎቶው ላይ ግን መዝጊያው እንደተዘጋ ነው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ጌታነህን ስጠይቀው፣ “ከድሮም ዝግ ነበር እኮ” ይለኛል። እሱ ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሱን ቃል በምን ልመን?

ልጄ መስከረም ላይ ተወለደ፣ ወንድ ነው፣ አባቴን ይመስላል። ፕሮግራሙም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሠራ። ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ላስተካክል ብዬ ከፈትኩት።

ከል ለብሷል።

እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ “ሁሉም ደህና ነው” አለችኝ፣ ገና እንዴት አደራችሁ ሳልላት። አጎቴም ሁሉም ደህና ነው አለ። ቤት ሮጬ ስገባ ጌታነህን በሥራ ሰዓት ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ እናቴ ጋ ልሄድ ነው ስለው፣ “በዚህ ብርድ ሕፃን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ፣ ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን” አለኝ፣ ቀጠለና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ “ስልክሽን አምጪው፣ ቻርጅ ላድርግልሽ” አለኝ። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ መናኸሪያ ውስጥ፣ መርጡለ ማርያም የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ ነው። አጠገቤ የአገራችን ሴት ተቀምጣለች፣ ከእናቴ ቤት ብዙም አትርቅም፣ ትናንት ነው ለገበያ የመጣችው፣ አሁን ከአገር ቤት ሰው ጋ በስልክ ስታወራ ነበር። ልቤን ሰብስቤ፣ “እናቴ እንዴት ናት?” አልኳት።

“ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ነው” አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

“ምነው?” ብላት፣ “አቧራው ነው” አለችኝ።

ውጭ ዝናብ ነው።