የሐሙስ ማለዳ ማንኳኳት

ሐሙስ ማለዳ የድንቅነሽ የቆርቆሮ በር በዱላ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ተነሺ! ውኃ መጥታለች!»

አባባ ተክለማርያም ናቸው። በዚህ በዓለም ባንክ መንደር ውኃ የምትመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ውኃዋ ከታች አየሩን እየገፋች ስትወጣ በዳገቱ ጫፍ ያለው የሽማግሌው ቧንቧ አስቀድሞ ስለሚያፏጭ፣ መምጣቷን ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ሰምተውም ዝም አይሉም፣ በየበሩ ያንኳኳሉ።

ድንቅነሽ ጀሪካኖቿን ስትደረድር ዓይኗ በአጥሩ ክፍተት ወደ ጎረቤት ሄደ። ያደሳ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ አዲሱ ሮቷቸው ይወጣል። ሚስቱ ዘመነች ከሥር ሆና «ቀስ በል፣ ወገብህ ቢቀጭ እኔ አላሽም!» እያለች ትስቃለች። ድንቅነሽ ፊቷን አዞረች። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

በሳምንቱ ከነዘመነች ሮቶ የሚበልጥ ሮቶና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ገዛች። ቧንቧ ሠራተኛው መሸሻ እጁን ሰበሰበ።

«እትዬ፣ ይሄ ከመስመሩ በቀጥታ ከሳበ ለላይኞቹ ጠብታ አይደርሳቸውም። ክልክልም ነው።»

«ዘመነች ስትሞላ ማን ከለከላት? አንተ ግጠም ብቻ!»

ገጠመው። በቀጣዩ ሐሙስ የእሷ ሮቶ ሞልቶ ፈሰሰ።

«ድንቄ፣ አንቺ ጋ መጣ እንዴ?» አለች ዘመነች በአጥሩ ላይ። «የኛ ቧንቧ እኮ እንባ እንባ ይለዋል!»

«እኔም ጋ እንደ ነገሩ ነው» ብላ ዋሸች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የማለዳው ማንኳኳት ግን ቀረ። አንድ ቀን ሽማግሌውን ባዶ ጀሪካን ይዘው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ምነው ማንኳኳቱን ተዉት?»

«ምን ሲመጣ ላንኳኳ፣ ልጄ? ዝናቡ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ሰዉም በዛ። ከማን ጋር ልጣላ?»

ድንቅነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ዞረች። «ፓምፑን በሚቀጥለው ሐሙስ እነቅለዋለሁ» አለች በልቧ።

ሐሙስ ሳይደርስ አባባ ተክለማርያም ከታችኛው ቦኖ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ያደሳ አዝሎ አወጣቸው፤ ሴት ልጃቸው መጥታ ወሊሶ ወሰደቻቸው። ዳግመኛ መራመዳቸው ያጠራጥራል።

ድንቅነሽ ፓምፑን አስነቅላ ዘመነች ደጅ ቆመች። «ውኃችሁን ስስብ የነበርኩት እኔ ነኝ። አባባንም የጣልኳቸው እኔ ነኝ።»

ዘመነች የያዘችውን ጀሪካን አስቀመጠች። «ሮቶ አስቀንቶሽ ነው? ቅጂልኝ ብትይኝ እምቢ እልሽ ነበር?»

«ሮቶው አይደለም» አለች ድንቅነሽ፤ ዓይኗ ያን ቀን ባልና ሚስቱ ሲሳሳቁ ወዳየችበት ሥፍራ ሄደ።

ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ ከተማውም ነገ ከዛሬ ይልቅ ይጨናነቃል። ጥቂቷን ውኃ መካፈል ግን በእጃችን ነው። በአንድ መስመር የምንጠጣ ሰዎች፣ አንዳችን በቅናት ስንስብ የሌላው ጉሮሮ ይደርቃል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ውኃ እስከ ዳገቱ ጫፍ ደርሳለች። በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም።