አባዬ የቀየረው ሴንሰር

መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ጥቁር ጭሷን ግቢው ላይ ለቀቀችና ጠፋች።

«እንዴ! ይቺ መኪና እያሾፈችብኝ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ ጆሮ፣ በመስኮት ያስገቡትን እጃቸውን ከቁልፉ ላይ እያነሱ።

ሰፈሩ ጋሼ ጆሮ የሚላቸው፣ ሞተርን በመስማት ብቻ በሽታውን የሚያውቁ መካኒክ ስለሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ያውቃሉ። የዚችን መኪና በሽታ ግን ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜያቸው ነው፤ አልደረሱበትም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ቀየሩ። ቀጥለው የጭሱ መውጫ ላይ ያለውን ሴንሰር፣ ከዚያ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን። ጭሱ ወይ ፍንክች!

ምክትል የቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ምክትል ያላት አባቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቺኑ መኪናውን ሲፈታታ ቁልፍ የምታቀብለው፣ የወደቀ ብሎን የምትለቅመው፣ ሲሳሳትም የምትስቅበት እሷ ነበረች። አባቷ ከሞተ ሁለት ወር አለፈው። ልቡ ነው አሉ፤ ሥራ ቦታው በተቀመጠበት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዴም አላለቀሰችም። ሰው ሲያቅፋት የሸሚዙን ቁልፎች ትቆጥራለች። በቀደም ሒሳብ ፈተና ከሃያው አራት ብቻ አምጥታ፣ ጓደኛዋ «አንቺ፣ ደንገጥ በይ እንጂ!» ስትላት ትከሻዋን ነቀነቀች። መደንገጥ እንዴት እንደነበር ራሱ ጠፍቷታል።

«ጋሼ፣ ያላዩት ነገር የለም?» አለች እናቷ ከውስጥ ወጥታ። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሥራ የምትሄደው ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመት ቢያልፋትም ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ አለ።

«የሙቀቱ ሴንሰር ብቻ ቀረኝ። እሱን ደግሞ ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ራሱ ነው የቀየረው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ የነካውን አልነካም፣ እህቴ። እሱ ከገጠመው ገጥሞታል፣ አለቀ!»

ምክትል እግሮቿን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ያን ሴንሰር አባቷ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አብረው ነው የቀየሩት። የአውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። «ይቺ ወሬኛ» አላት አባቷ፣ «ሥራዋ ለሞተሩ ኮምፒውተር ‹ውሃው ሞቀ፣ ውሃው ቀዘቀዘ› እያለች ማውራት ነው። ከሞተች ኮምፒውተሩ ሁሌ ብርድ ይመስለዋል፤ ቤንዚኑን ያርከፈክፈዋል፣ መኪናዋም ታጨሳለች።» አሮጌዋን አንዴ ቀዝቃዛ፣ አንዴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር፣ ለካት፤ ቴስተሩ ምንም አላነበበም። አዲሷን ሲነክራት ቁጥሩ በሙቁ ውሃ ሽው ብሎ ወረደ። «አየሽ? እቺ በሕይወት አለች።» አሮጌዋን ቆርቆሮ ውስጥ አኖራት፣ ለትምህርት ብሎ።

ከቀብሩ በሳምንቱ እናቷ «እንግዲህ እኔው እነዳታለሁ» ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች። እግሯ ስላልደረሰ ወንበሩን ወደ ፊት ልትስብ ጎንበስ ስትል ምክትል «ተይው!» ብላ ጮኸች። እናቷ ደንግጣ ወረደች። ወንበሩ የነበረበት ቦታ የአባቷ እግር ልክ ነበር። በማግስቱ ምክትል ከትምህርት ቤት በፊት ኮፈኑን ከፈተች፤ በሕይወት ያለችውን አወጣች፣ የሞተችውን ገጠመች። ያኔም ምንም አልተሰማትም።

«እንግዲያው ይብቃዎት፣ ጋሼ» አለች እናቷ። «ያ መኪና ፈትቶ ዕቃውን የሚሸጠው ሰውዬ ከሰዓት ጎትቶ ይውሰዳት። እዚህ ቆማ ከምትበሰብስ።»

ምክትል ቀና አለች። ይሄን አላሰበችውም። መኪናዋ ባለችበት እንድትቆም ነበር የፈለገችው፤ ወንበሩም እንዳለ።

ጋሼ ጆሮ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምናልባት...» አሉ፣ «እጁ ስቶት ይሆናል። በዚያ ሰሞን ደክሞት ነበር መሰለኝ። የማይሠራ ሴንሰር ገጥሞ ይሆናል።»

እናቷ መኪናዋን እያየች «ይሆናል» አለች። «ያኔም ድካም ላይ ነበር።»

ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያልተሰማት ልጅ ፊቷ ጋለ። ተነስታ ወደ ቤት ገባች፣ የእርሳስ መያዣዋን ይዛ ወጣች፣ ዚፑን ከፈተችና ሴንሰሯን ጋሼ ጆሮ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«አልሳተም» አለች። «እሱ የገጠማት ይቺ ናት። የሞተችውን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ጆሮ ሴንሰሯን አዩ፣ እሷን አዩ። «ሦስት ቅዳሜ!» አሉ። «ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ‹አረጀሁ፣ ጆሮዬ ደነቆረ› እያልኩ! አንቺን እኮ ጆሮሽን ነበር መቆንጠጥ!»

እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ለምክትል ይሻላት ነበር።

«ለምን?» ብቻ አለቻት።

«ወንበሩን ልትስቢው ነበር።»

እናቷ በሩ ላይ፣ ምክትል በተነሳችበት ቦታ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ጉልበቷን አሸች።

«ነይ እንግዲህ» አሉ ጋሼ ጆሮ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፉን እየዘረጉላት። «የነካካሽው አንቺ ነሽ፣ ራስሽ ግጠሚው። ሞተሩም ገና አልሞቀም።»

የሴንሰሯን ገመድ ሶኬት ተጭና ነቀለችው። የሞተችውን ፈትታ ስታወጣ የራዲያተሩ ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ይቀዘቅዛል። ቶሎ ብላ ሌላዋን አስገባች፣ መጀመሪያ በጣቷ፣ ቀጥሎ በቁልፉ፣ አጥብቃ ግን ሳታስጨንቅ፣ እሱ እንዳሳያት። ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ገባ። የጎደለውን ውሃ ጋሼ ጆሮ ሞሉት።

እናቷ ተነስታ ከቤት ትራስ አመጣችና መሪው ጋ ተቀመጠች። ትራሱን ከጀርባዋ አስደገፈችው።

«ይሄው» አለች ወደ ልጇ ሳታይ። «ወንበሩን ማንም አይነካውም። በትራስ እነዳለሁ።»

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ። መጀመሪያ ትንሽ አጨሰ፤ ከዚያ ጭሱ ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ። ጋሼ ጆሮ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «ተመስገን!» አሉ። «እጁ መቼ ይስታል እሱ!»

ምክትል በተከፈተው በር በኩል የእናቷን እግር ታያለች። ትራሱ አንገቷን ወደ መሪው ደፍቶታል፤ እግሯ ግን በጫማው ጫፍ ብቻ ነው ፍሬኑን የሚነካው። ያውም የሚያማት እግሯ።

ጣቶቿ አሁንም እርጥብ ናቸው፤ በቀሚሷ ጠረገቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በወንበሩ ስር ያለውን ብረት ያዘች።

«እማ፣ ትራሱን አውጪውና ቀና በይ።»

ብረቱን ሳበችው፣ ወንበሩን በትከሻዋ ገፋችው። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ።

«ደረሰልሽ?»

«ትንሽ ይቀረኛል» አለች እናቷ።

ምክትል አንድ ጊዜ ደግማ ገፋችው።

«አሁንስ?»