ከክንድ ያነሱ ዓሦች

የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራ ሰሞን፣ ሐይቁ ሞገዱን አሳርፎ ረግቶ ተኝቶ ነበር፤ በምሥራቁ ዳር የበቀለው ረጅም ቄጠማ እንኳ አይወዛወዝም። ከወደቡ የድንጋይ ደረጃ በላይ፣ በኖራ የተቀባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ቆሟል፤ የልኬት ቤት ይባላል። በመካከሉ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ገበታ አለ፤ በገበታው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የመዳብ ዘንግ ተቀርጾ ገብቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ እርጥበት ጠርዛቸውን ያጎበጣቸው ጥራዞች ተደርድረዋል።

በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለውን ሰው በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ለኪው ይሉታል። የቀድሞው የሐይቅ ሹም በደነገጉት ደንብ መሠረት፣ ከክንድ ያነሰ ቀይ ክንፍ ዓሣ በሕይወት ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ከክንድ የበለጠው ለገበያ ይወጣል። ትንሹ አድጎ ዘሩን ይተካ፣ ትልቁ ይበላ የሚል ሐሳብ ነበር፤ የማንም አእምሮ የሚቀበለው ነገር ነው። ለኪው ደንቡን ከነፍሱ ጋር አስተካክሎ ጠበቀው፤ ለዘመድ አላዳላም፣ ለጉልበተኛም አልተንበረከከም። አጥማጆቹ፣ ይህ ሰው ሚስቱንም ያጫት ለክቶ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም፣ ልክ ነበረች ብሎ ያልፋቸዋል። ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፤ እርሷም የአሥራ አራት ጀልባዎች አለቃ የሆነውን ሰው አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች።

በዚያ ዓመት ጀልባዎቹ መረባቸው ሞልቶ ይመለሱና፣ ከገበታው ሲደርሱ ከአሥሩ ስምንቱ ከዘንጉ ያንሱ ነበር። አጥማጆቹ ዓሣውን እያጉረመረሙ መልሰው ይጥላሉ፤ ያድግ እንደሆነ ብለው አንድ ዓመት ጠብቀዋል፣ ሁለትም ጠብቀዋል፤ ዓሣው ግን አላደገም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ መረብ ውስጥ የሞተች ስንዝር ከአራት ጣት የምትሆን ዓሣ ለኪው ለምሳው ሊያሰናዳ ሆዷን ሰነጠቀ፤ በእንቁላል ተሞልታ ነበር። ከዚያ ሌላ ሰነጠቀ፤ ሌላም ጨመረ። ለኪው ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ በየወሩ አሥር ዓሣ እየከፈተ ያየውን የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ ከገበያው ትላልቆች፣ የቀሩት መረብ ከገደላቸው ትናንሾች ነበሩ። ነገር ግን ጽፎ ይዘጋዋል እንጂ የዘንድሮውን ከጥንቱ ጋር አመሳክሮ አያውቅም። አሁን የመጀመሪያውን ጥራዝ አወረደ። በወጣትነት እጁ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ በተለወጠ ጽሕፈት፣ «ከክንድ በታች በሆነ ዓሣ እንቁላል አልተገኘም» ይላል። በአሥረኛው ዓመት ጥራዝ ከክንድ ሦስት ጣት ያነሱ እንቁላል ይዘው ተገኝተዋል፤ በአሥራ ስምንተኛው ከዚያም ያነሱ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥራዞቹን እየገለጠ ቆየ። ምግብ ሲበላ ሐሳቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ ያስተዋለችው ልጁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዛለት መጥታ ከፊቱ ተቀመጠችና ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ያሳነስኳቸው እኔ ነኝ» አላት። «ሃያ ስድስት ዓመት ትልልቁን ለገበያ እያሳለፍኩ ትንሹን መለስኩ። ቶሎ የሚያድገውና ዘግይቶ የሚወልደው ሳይወልድ አለቀ። ድንክ ሆኖ የሚወልደው ተረፈ፤ ልጆቹም እንደሱው ድንክ ሆኑ። ገበሬ ምርጡን ዘር በልቶ እንክርዳዱን ሲዘራ ኖረ በይው።»

«ደንቡን ያወጡት እርስዎ አይደሉም፣ አባዬ።»

«አላወጣሁትም። ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀመጠች።

በዚያው ወር የጦሩ ስንቅ አዛዥ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ከተዘረጋ ሁለት ዓመት ባልሞላው ባቡር ተሳፍረው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው መጡ። ለጦሩ የሚላከው ደረቅ ዓሣ እጥፍ እንዲሆን ታዟል፤ ለዚህም አዛዡ ያቀረቡት መላ አጭር ነበር፤ ልኩ ከክንድ ወደ ስንዝር ይውረድ። የሐይቁ ሹም ነገሩን በጉባኤ ሊያስመክሩ ለማግስቱ ቀጠሩ፤ ለኪውም ባለሙያ ነውና ቀርቦ እንዲመሰክር ጠሩት።

በቀጠሮው ዋዜማ የጀልባ አለቃው ወደ አማቱ መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ከደጃፉ ላይ ቆቡን አውልቆ፣ ነገ ምን ሊሉ እንዳሰቡ ቢነግሩኝ ብዬ ነው አለ። ለኪው አልደበቀውም። የልኩ መውረድም እንዳለ መቆየቱም ዓሣውን እንደሚያሳንሰው፣ መድኃኒቱም ከሐይቁ አንድ ወገን ለማንም መረብ ዝግ ሆኖ ትልልቆቹ እንዲያረጁበት መተው እንደሆነ ነገረው፤ ለዚህ የሚሆነውም ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉበት የቄጠማው ጥግ ብቻ ነው አለ። የቄጠማው ጥግ የአሥራ አራቱ ጀልባዎች እንጀራ ነበር።

«ታዲያ የሚዘጉት የኔን ቤት ነው፣ አባባ» አለ የጀልባ አለቃው፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«የልጄም ቤት ነው» አለ ለኪው። «አውቃለሁ።»

የጀልባ አለቃው እጅ ነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ዓመት ከመንፈቅ ያህል የአማቱን ደፍ አልረገጠም።

ጉባኤው በጉምሩኩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ለኪው ጥራዞቹን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሲያስከብረው የኖረው ልክ በውጤቱ ጎጂ እንደነበረ ሲናገር ከኋላ የተቀመጡት ሊያዩት ብድግ አሉ፤ ዕድሜውን የገበረበትን ነገር ሰው በራሱ አፍ ሲያፈርስ ማየት የተለመደ አልነበረምና። ዛሬ በስንዝር ከአራት ጣት ዓሣ እንቁላል ይገኛል ሲል፣ ስንቅ አዛዡ እጃቸውን አነሡ።

«እንግዲያው ትንንሾቹም ይራባሉ ማለት ነው?»

«ይራባሉ፣ ጌታዬ፤ ነገር ግን የሚራቡት …»

«ይህ ይበቃናል» አሉና ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ባለሙያው ትንንሾቹም እንደሚራቡ መስክሯል ብለህ ጻፍ።»

ለኪው የቀረውን እንዳይናገር የከለከለው አልነበረም፤ ስለ ቄጠማው ጥግ፣ ስለ ትልልቆቹ ዓሦች፣ ስለሚመጣው ዘመን ሁሉ ተናገረ። ጸሐፊው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ጣቶቹን ያፍታታ ነበር። በሳምንቱ አዋጁ ወጣ፤ የመዳቡ ዘንግም ተነቅሎ በስንዝር ተተካ። ለኪው ስለ ምስክርነቱ የብር ሰዓት ተሸለመ፤ ሰዓቱን ተቀበለ፣ ሥራውን ግን በዚያው ቀን ለቀቀ። ሹሙ የመጨረሻ ልመናውን አልነፈጉትም፤ ጥራዞቹን እንዲወስድና በየወሩ አሥር ዓሣ እንዲሰጠው ፈቀዱለት።

የመጀመሪያው ዓመት ጥጋብ ሆነ፤ ባቡሩ ደረቅ ዓሣ ጭኖ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ፤ ለኪውን ሟርተኛ ያሉትም አልጠፉ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ መረቡ መቅለል ጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ጧት የጀልባ አለቃው በአማቱ ግቢ ቅርጫት ይዞ ታየ። ቅርጫቱን አስቀምጦ አንዲት ከመዳፍ የማትበልጥ ዓሣ አወጣ፤ ሆዷን በአውራ ጣቱ ሲጫናት እንቁላሏ ፈሰሰ። 

«አባባ» አለ የጀልባ አለቃው፣ «የቄጠማውን ጥግ ከየት እስከ የት ነው የምንዘጋው?»

ለኪው ቆቡን ደፍቶ፣ ና ላሳይህ አለውና አብረው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

ጥጉን ለመዝጋት አዋጅም ማኅተምም አልነበረም። የጀልባ አለቃው ሌሎቹን አለቆች አንድ በአንድ አግባብቶ አስማላቸው፤ በቄጠማው አፍም ገመድ ዘርግቶ የራሱን ጀልባዎች በተራ ለጥበቃ አቆመ። የሰደቡት ነበሩ፤ ገመዱን ቆርጦ የገባም ነበር፤ ያን ዓመት በልጅቱ ቤት ከሳምንቱ ሁለት ቀን ባዶ ሾርባ ይበላ ነበር። ስምምነቱ ግን ጸና። ጥጉ በተዘጋ በአምስተኛው ዓመት በቄጠማው ውስጥ እንደ ድሮው ከክንድ የበለጡ ዓሦች ታዩ፤ ሕፃናትም ሊያዩአቸው ከድንጋዩ ላይ በደረታቸው ይተኙ ነበር።

ለኪው ግን አሥር አሥሩን መክፈቱን አልተወም፤ የጠበቀውም ሌላ ነገር ነበር። ትልልቆቹ ቢበዙም፣ የሚወለዱት ገና በትንሽነታቸው እንቁላል ይይዛሉ። በስምንተኛው ዓመት፣ ከመሞቱ ከሁለት ወር በፊት፣ «አካሄዱ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ አመላለሱ ከዚያ ይረዝማል፤ እኔ አላየውም» ብሎ ጻፈ፤ ያን ጥራዝ ለልጁ ሰጣት። እርሷም ቢላዋውን መያዝ ከእርሱ ተምራ ነበርና ሥራውን ቀጠለች። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት የጻፈችው መስመር አጭር ነው፤ እንቁላል ከያዙት ሁሉ ያነሰችው ዓሣ ከአምናዋ በግማሽ ጣት ትበልጣለች ይላል። ያን ቀን ሥራ ፈትታ ወደ አባቷ መቃብር መሄዷን ግን አልጻፈችም፤ ይህን የሚያውቁት ልጆቿ ናቸው።

ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ዘመን በኋላ የሐይቁን ታሪክ የሚጽፍ አንድ ምሁር ወደ ቤቷ መጣ። ያ የስንዝር አዋጅ በመዛግብት ውስጥ የለኪው ደንብ ተብሎ እንደሚጠራ፣ ሐይቁን ያራቆተው አዋጅም እርሱ እንደሆነ በጨዋነት ነገራት። አሮጊቷ ምሁሩ እንደጠበቀው አልተቆጣችም።

«አባቴ ተሳስተዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት» አለችው። «መሳሳታቸውንም ከሁሉ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱንም ይጻፉልኝ።»

ምሁሩ በመጽሐፉ ውስጥ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ እንዳለ አሰፈረው፤ ማኅተም ነበረበትና። የቄጠማው ጥግም ቆይቶ በሕግ ሲከለል፣ ፊርማቸውን ያኖሩት ሹም ስም ተሰጠው። ታሪክ ማኅተም ያለውን ያስታውሳል፤ በዚህ አይወቀስም፣ የሚያየው እርሱን ብቻ ነውና። በዚያ ሐይቅ ግን ዓሦቹ፣ በዓመት ከአንድ ጣት ባነሰ ዕድገት፣ ማንም ሳያነበው ወደ ቀድሞ ልካቸው መመለሳቸውን ቀጠሉ።