ያልረጋው ማርማላታ

ወይዘሮ ገላነሽ ከወጥ ቤታቸው ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሲገኙ፣ መደርደሪያው ላይ ስድስት የብርቱካን ማርማላታ ብልቃጦች በአፋቸው ተደፍተው ተሰልፈው ነበር። ድስቱ ታጥቧል፤ ማማሰያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሟቿ ጡረታ የወጡ የቤት ሙያ አስተማሪ ስለነበሩ ይህን የመሰለ ሥርዓት ከእሳቸው ቤት የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ላይ የደረቀው ደም ነው።

ኢንስፔክተር ዕፀገነት ስልኩ ሲደወልላት ከፈረስ መጋላ የገዛችውን አንድ ኪሎ ዘይቱን አጥባ፣ በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ገና መቀመጧ ነበር። በወሩ ውስጥ ያገኘቻት አንዲት የዕረፍት ቅዳሜ ይህች ብቻ ናት። «ኤጭ!» ብላ ሳህኑን እዚያው ትታው ወጣች።

ሳጅን ቢላል ፈላና በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጁገል በሚባለው ግንብ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ያደገ። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ፣ አንቺ» ይላል። ዕፀገነት ከደሴ ተዛውራ በመጣች ሰሞን ይቆረቁራት ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን እሷም ታላቋን «አንተ» ትለዋለች።

«አቦ፣ ቅዳሜሽን አበላሸንብሽ» አለ።

«ተወው። ማን አገኛቸው?»

«ጎረቤታቸው ዘነበች። አሥራ አንድ ተኩል ላይ። ኮማንደር አሰፋ ደግሞ ሁለቴ ደውሏል፤ 'አሮጊት ሴት ወድቃ ነው፤ መዝገቡን ዝጉት' ይላል።»

ዕፀገነት ተንበርክካ ሬሳውን አየች። የሟቿ እጅጌ ወደ ላይ ሲገለጥ፣ ሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር ተጋድሟል። ሰው ጨብጦ የነቀነቃቸው ይመስላል።

«ንገረው፤ አይዘጋም» አለች።

ወይዘሮ ዘነበች ግቢው ውስጥ ካለው የሮማን ዛፍ ሥር ተቀምጠው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። ከሟቿ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ገበያ ወርደዋል፤ አብረው ኮክና ብርቱካን ቀቅለዋል።

«ዛሬስ አብራችሁ ወረዳችሁ?» ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ብቻዋን ነው የወረደች። ሰባት ሰዓት ላይ ብቅ ብል ድስቱ ከሰል ላይ ነበር፤ ገና ውሃ ውሃ ይላል። 'ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ማታ መጥተሽ ድርሻሽን ውሰጂ' አለችኝ። ፊቷ ግን ደህና አልነበረም፤ ስጠይቃት 'ነገ ከቅዳሴ መልስ ትሰሚያለሽ' ብላ ዘጋችኝ። እኔም ስምንት ሰዓት ማኅበር ገባሁ።»

«ከማኅበር መቼ ወጡ?»

«አሥር ሰዓት። ስመለስ ያቺን ሌባ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።»

«የቷን ሌባ?»

«ሥርጉትን! እዚህ ቤት ሠራተኛ የነበረች ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገላነሽን የብር አምባር ሰርቃ ሦስት ወር ታስራለች። ሣጥኑ አጠገብ ያየኋት እኔ ነኝ፤ የመሰከርኩትም እኔ ነኝ። አሁን ኤረር በር ፍራፍሬ ትቸረችራለች። ቂሟን ይዛ ስትጠብቅ ኖራ ነው!»

ቤቱ ውስጥ ሟቿ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ኒቆዲሞስ ይኖራል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት መምህር ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ዓይኑ ቀልቷል። ዕፀገነትን የጨበጣት በግራ እጁ ነው፤ የቀኙ ሁለት ጣቶች ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጠዋት ሻይ ፈሰሰብኝ።»

«ቀኑን የት ዋልክ?»

«ሰባት ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣሁ። ከስምንት እስከ አሥር ማጠናከሪያ ትምህርት አለኝ፤ አርባ ተማሪዎች ያውቃሉ። አሥር ተኩል ተመልሼ፣ ራሴን ስላመመኝ ፎቅ ወጥቼ ተኛሁ። ወጥ ቤቱ ከጓሮ ስለሆነ ምንም አልሰማሁም። እትዬ ዘነበች አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስታንኳኳ ከፈትኩላት፤ ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ።»

«የግቢው ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«አክስቴና እኔ ብቻ ነን የያዝነው።» ወደ ብልቃጦቹ አየና ድምፁ ተሰበረ። «ሥራዋን ጨርሳ ነው የሞተችው። እንግዲህ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው።»

ዕፀገነት በልቧ አሰላች። ማርማላታው አንድ ሰዓት የሚቀረው ከሆነ፣ ሞልተው ድስቱን እስኪያጥቡ ስምንት ተኩል ይሆናል። የዘነበችን ማኅበርና የኒቆዲሞስን ክፍል ቢላል እየዞረ አጣራ፤ ሁለቱም በተባለው ሰዓት ነበሩ። የቀረች ሥርጉት ብቻ ናት። ኮማንደሩም ይህንኑ ሰምቶ ሥርጉትን አስይዟት ጠበቃቸው።

ሥርጉት ጣቢያው ውስጥ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ዛሬ ጠዋት መጥተው ከእኔ ብርቱካን ገዙ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊታቸውን አዙረውብኝ ሲያልፉ ነው የኖሩት። ዛሬ ግን ትንሽ ቆይተው ተመለሱና ገበያው መሐል እጄን ይዘው አለቀሱ። 'አሥር ሰዓት ቤት ነይ፤ የምነግርሽ አለ' አሉኝ። ሄጄ ሩብ ሰዓት አንኳኳሁ። የከፈተልኝ የለም።»

«እስከ ስንት ሰዓት ገበያ ነበርሽ?»

«እስከ ዘጠኝ ተኩል። ግን ማን ያምነኛል? ያኔም 'አልወሰድኩም' ብዬ ነበር፤ እጮኛዬ እንኳ ትቶኝ ሄደ፣ ሰው ቤትም የሚቀጥረኝ ጠፋ።»

ዕፀገነት ቃሏን መዝገቡ ላይ ጻፈች። የሚያናድዳትም ይኸው ነው፤ ሁሉም የሚናገረው ልክ ይመስላል፣ ሁሉም ግን አንድ ላይ አይገጥምም።

እሑድ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ሰዓቱን ከሰባት እስከ አሥር ከማለት በቀር ማጥበብ አልቻለም። «አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ» አለ፤ «ወዲያው አልሞቱም። ሰው ቢደርስላቸው ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

ስልኩን ዘግታ ቁርስ ፈለገች። ዳቦ አለ፤ ባለፈው ወር ከራሳቸው ከወይዘሮ ገላነሽ የገዛችው፣ ገና ያልተከፈተ ማርማላታም አለ። ክዳኑን በጉልበት ስታዞረው «ጧ!» ብሎ ተከፈተ። ዕፀገነት እንዳቀረቀረች ቀረች። ከዚያ ዳቦውን ትታ ወደ ጣቢያ ገሰገሰች።

ቢሮዋ ውስጥ ለማስረጃ የተወሰዱት ስድስቱ ብልቃጦች አሉ። የአንዱን ክዳን መሐል በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። «ቀጭ» አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ብልቃጡን ስታዘነብለው ማርማላታው እንደ ሽሮፕ ወደ አንድ ጎን ፈሰሰ።

«ቢላል፣ ተነሥ። ወይዘሮ ገላነሽ ትናንት ጠዋት ገበያ ምን እንዳገኙ እንፈልጋለን። ከሥርጉት ብርቱካን ሲገዙ አላለቀሱም፤ ተመልሰው ሲመጡ ነው ያለቀሱት። በመሐል አንድ ነገር አይተዋል።»

«ያ ሁሉ ሰው መሐል? ወላሂ፣ መርፌ መፈለግ ነው!»

ገበያውን ለሁለት ሰዓት ያህል ዞሩ። ፀሐዩ ከረረ፤ አንዱ ነጋዴ «አላየሁም» ይላል፣ ሌላው ፖሊስ መሆናቸውን ሲያውቅ ዕቃውን ሰብስቦ ይነሣል። ዕፀገነት የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶባት እየተራገመች ሳለ፣ ቢላል አሮጌ ጌጥ ዘርግተው ከተቀመጡ አዛውንት ፊት ቆመ። ኤልሳዕ ይባላሉ።

«ገላነሽ? አዎ፣ ትናንት ከእኔ የብር አምባር ገዝታለች» አሉ። «ድሮ የገዛሁት ነው፤ ለሚስቴ ሰጥቻት ስታደርገው ኖረች። ዘንድሮ ስትሞትብኝ ቤት ውስጥ ማየቱ አስጠላኝና አወጣሁት። ገላነሽ ስታየው አንሥታ ገለባበጠችው። ማን እንደሸጠልኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።»

«ለእኔም ይንገሩኝ» አለች ዕፀገነት። ሰማቻቸውና «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ይመጣሉ» አለቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቿ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ኒቆዲሞስ ግድግዳ ተደግፏል። ሥርጉትን ቢላል ከጣቢያ አምጥቷታል፤ ኤልሳዕ በሩ ላይ ቆመዋል። ኮማንደር አሰፋ ሰዓቱን አየና «ተጠርጣሪ ይዘን ሳለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አለ።

ዕፀገነት ለዘነበች፣ ለሥርጉትና ለኒቆዲሞስ አንድ አንድ ብልቃጥ ሰጠቻቸው። «እዩትና የታያችሁን ንገሩኝ።»

ዘነበች ብልቃጡን አዘንብለው አፈጠጡ። «ይሄማ አልረጋም! ገና እሳት ይቀረዋል። ገላነሽ እንዲህ ያለ አትሞላም፤ ደፍታ ታፈሰዋለች እንጂ።»

ሥርጉት ክዳኑን ጫን አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። «ቀዝቅዞ ነው የተሞላው። ትኩስ ሆኖ ቢሞላ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፤ አይነቃነቅም። የሚደፋውም ትኩሱ ክዳኑን እንዲያገኘው ነው። ቀዝቃዛውን መድፋት ምን ሊሠራ?»

«አንተስ?»

«ማርማላታ ነው» አለ ኒቆዲሞስ። «ምን አለበት?»

«አመሰግናለሁ» አለች ዕፀገነት። «እንግዲህ ስሙኝ። ማርማላታው አልረጋም፤ ስለዚህ ሳይደርስ ከእሳት ወርዷል። ዘነበች በሰባት ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር ብለዋል፤ የወረደው ከስምንት በፊት ነው ማለት ነው። ከወረደ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ማንም አልነካውም። ወይዘሮ ገላነሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያልደረሰውን አያወርዱም፣ ቀዝቃዛውን አይሞሉም። የሞላው ሌላ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ እሳቸው እዚህ ደረጃ ሥር ነበሩ።»

ዘነበች አማተቡ።

«ገዳዩ ማርማላታ ለምን ይሞላል?» አለ ኮማንደሩ።

«ከስምንት በኋላ በሕይወት ነበሩ እንድንል። ሥርጉትን ይህ አይጠቅማትም፤ እንዲያውም የሚያስይዛት እሱ ነው። እስከ ዘጠኝ ተኩል ገበያ እንደነበረች አጣርተናል፤ በሩም ተቆልፎባታል። የሚጠቅመው ከስምንት በኋላ ምስክር ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ዘነበችና ኒቆዲሞስ።»

«እኔ?» ዘነበች ተነሡ።

«ይቀመጡ። እርስዎ ብልቃጡን ባዘነበሉት ቅጽበት ጉድለቱን አወቁ። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ መልሰው እሳት ላይ ይጥዱት ነበር። ይህን የሞላው ሰው ብልቃጥ እንደሚደፋ ያውቃል፤ ለምን እንደሚደፋ ግን አያውቅም። ሲሠራ እያየ ያደገ ነው፤ አንድም ቀን ግን አልሠራም።»

ሁሉም ወደ ኒቆዲሞስ ዞሩ።

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ጣቶችህን ፍታቸው» አለችው። ፕላስተሩን ሲልጠው በሁለቱ ጣቶቹ ላይ ቀጥ ያለ የቃጠሎ መስመር ታየ። «ሴቶቹ ድስት የሚያወርዱት በጨርቅ ይዘው ነው። አንተ ግን ማርማላታው አርሮ ጢሱ ጎረቤት እንዳይጠራ ፈርተህ፣ በባዶ እጅህ ነው ያወረድከው። ሻይ አንድ ቦታ ይፈሳል እንጂ ሁለት ጣት ላይ የድስት ጆሮ የሚያህል መስመር አያወጣም።» ወደ በሩ ዞረች። «አባባ ኤልሳዕ፣ አምባሩን ማን ሸጠልዎት?»

አዛውንቱ በጣታቸው አመለከቱ። «ይሄ ልጅ። ያኔ ተማሪ ነበር። 'አክስቴ ልካኝ ነው' አለኝ።»

ሥርጉት የያዘችው ብልቃጥ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ።

ኒቆዲሞስ ግድግዳውን ታክኮ ወረደና ተቀመጠ። «ልገድላት አልፈለግሁም» አለ። «አምባሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። 'ነገ ከቅዳሴ መልስ፣ የእጮኛህ ቤተሰብ ባለበት፣ ሥርጉት እግር ላይ ትወድቃለህ' አለችኝ። ለመንኳት። ከሠርጉ በኋላ ይሁን አልኳት። 'ዘጠኝ ዓመት አልበቃትም?' አለች። ክንዷን ይዤ... ገፋኋት መሰለኝ። አልተነሣችም። የሞተች መስሎኝ ሄድኩ።»

«አልሞቱም ነበር» አለች ዕፀገነት ቀስ ብላ። «ሐኪሙ 'ሰው ቢደርስላቸው ምናልባት ይተርፉ ነበር' ብሏል። አንተ ግን ክፍል ገብተህ አስተማርክ።»

ኒቆዲሞስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አምባሩን ቢላል ፎቅ ላይ፣ ከፍራሹ ሥር አገኘው። ከዚያ ኒቆዲሞስን ካቴና አጥልቆበት ይዞት ወጣ።

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥርጉት፣ አንቺ ነፃ ነሽ። መሄድ ትችያለሽ።»

«ያኔ የተጻፈብኝስ? ሌባ ናት የሚለው ወረቀት ይቀደዳል?»

«እሱ... ማመልከቻ ታስገቢያለሽ። መዝገቡ የድሮ ስለሆነ ፍርድ ቤትም...»

«እኔ ነኝ የማስገባው» ብላ ዕፀገነት አቋረጠችው። ድምፏ ውስጥ የሁለት ቀን ንዴት ሁሉ ነበር። «እጮኛዋ የተዋት በዚያ ወረቀት ነው፤ ሰው ቤት ሥራ ያጣችው በዚያ ወረቀት ነው። አሁን ደግሞ ማመልከቻ ይዛ ቢሮ ለቢሮ ትዙር?»

ሥርጉት ግን የምታየው ዘነበችን ነው። አሮጊቷ ተነሥተው ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ከውጭ፣ ሬሳው እስኪመጣ የሚጠብቁ ለቀስተኞች ከግቢው በር እስከ መንገዱ ድረስ ቆመዋል። ዘነበች የሥርጉትን እጅ ይዘው ወደ በሩ ወጡ።

«እናንተ ሰዎች!» አሉ። «ይህቺ ልጅ አልሰረቀችም። ሣጥኑ አጠገብ ቆማ አየኋት እንጂ ስትወስድ አላየሁም። ያላየሁትን መሰከርኩባት።»

ከኋላ ያሉት «ምን አሉ?» እያሉ ተንጠራሩ።

«ይድገሙት» አለች ሥርጉት።

ዘነበች ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡና፣ ከመንገዱ ማዶ እንዲሰማ አድርገው ደገሙት።