የቡልቡላ ጠጠር

አናጢው ገሰሰ የሞተው በአዲሱ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። የኮንክሪቱን ጣሪያ የደገፉትን እንጨቶች ሲነቅል ጣሪያው ወረደበት። ቦሌ ደግሞ ወሬ ይወዳል፤ ሬሳው ሳይነሣ «አሻጥር ነው» ተባለ። በዚያ በደርግ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቢታሰር ዕድለኛ ነው።

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ ዘርፌ ስትደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ገረመው ጥፋተኛውን አዘጋጅቶ ጠበቃት፤ ለእንግዳ ወንበር እንደሚዘጋጅ። መሐንዲሱ ነህምያ እጁ በገመድ ታስሯል።

«ይኸው ጴንጤው። ሲሚንቶ ቀንሶ ሰው ገደለ። ዛሬውኑ ይወሰዳል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ለፊርማሽ ነዋ፣ ጓድ!»

ዘርፌ ከፍርስራሹ ቁራሽ አነሣች። ጠጠሩን በጥፍሯ ብትነካው እንደ ባቄላ ተፈልቅቆ ወጣ። ክብና ለስላሳ ነው፤ የነበረበት ጉድጓድ ጭቃ ለብሷል።

«ነህምያ፣ ይህን አንተ ነህ ያዘዝከው?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ የቀመርኩት ለካባ ጠጠር ነው፤ ከአለት ተፈልጦ ለሚመጣው፣ ለጥቁሩ፣ ለባለ ስለቱ። ጣሪያው ሲሞላ ግን የውይይት ክበብ ግዴታ ነው ብለው ወሰዱኝ።»

ዘርፌ እሱ በካባ ጠጠር ሠርቶ ያስቀመጠውን የኮንክሪት ናሙና በመዶሻ መታችው። ስንጥቁ ጥቁሩን ድንጋይ ራሱን ሰንጥቆ አለፈ፤ አንድም ጠጠር አልተፈለቀቀም።

ወደ ዕቃ ጠባቂው ዞረች። «አባባ ደቻሳ፣ የካባው ጠጠር የት ገባ?»

«ልጄ፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ሜዳው ሸሸ። እዚያ ለአብዮት በዓል አዲስ የኮንክሪት መድረክ ቆሟል። ዘርፌ ሄዳ ጠርዙን በቁልፏ ፋቀችው። ጥቁር፣ ባለ ስለት።

ከዚያ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ጠያይቃ ነዋሪውን ሁሉ ፍርስራሹ ዙሪያ ሰበሰበች። የሟች ሚስት አፀደም ልጆቿን ይዛ መጣች።

«ሲሚንቶ አልተቀነሰም» አለች ዘርፌ። «የነህምያ ቀመር ድንጋይ እስኪሰበር ይይዛል፤ ናሙናው ይኸው። የካባው ጠጠር ግን ሊቀመንበሩ ንግግር ለሚያደርጉበት መድረክ ዋለ። ለአዳራሹ በእሑድ ዘመቻ ከቡልቡላ ወንዝ ተለቀመ። የወንዝ ጠጠር መሆኑ ክፋት የለውም፤ ታጥቦ ቢሆን ይይዝ ነበር። ከነጭቃው ስለገባ ሲሚንቶው አልጨበጠውም። በአካፋ ማዋሐድ ሲከብድ ደግሞ ውሃ ጨመራችሁበት። በዓሉ ደረሰ ተብሎ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ድጋፉ ተነቀለ። ጠጠሩን የለወጠውም፣ ንቀሉ ያለውም አንድ ሰው ነው፤ ጓድ ገረመው።»

«እኔም ተሸክሜያለሁ» አለች አፀደ። «እንጠበው ስንል "ሰነፎች!" ተባልን።»

ገረመው ሣቀ። «እና ሰፊው ሕዝብ ዘምቶ ሰው ገደለ ልትሉ ነው? በሉ፣ ማን ነው ሳይታጠብ የተሸከመው? እጁን ያውጣ!»

ማንም አላወጣም።

«ታጥቧል» አለ አንዱ። «ታጥቧል» አሉ ሌሎች። ደቻሳም አሉ።

«አልፈርምም» አለች ዘርፌ።

«ግድ የለም፤ የሚፈርም አይጠፋም። አንቺስ አፀደ፣ ጠጠሩ ታጥቧል?»

አፀደ ልጆቿን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች። ነህምያ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ታጥቧል» አለች።

ነህምያን መኪና ላይ ጫኑት።