የሞግዚቱ ጠብታ

በላቦራቶሪው ውስጥ «ሞግዚት» ነበር የሚሉት። ሥራው የወባ ተሕዋስያንን በሕይወት ማቆየት ነው። በየማለዳው ትኩስ ደም ይሰጣቸዋል፣ ያረጀውን ፈሳሽ ይቀይርላቸዋል፣ ከዚያ ብልቃጦቹን ወደ ማሞቂያው ሣጥን ይመልሳል። ዓለም ሁሉ ሊገድለው የሚሻውን ፍጥረት እንዲህ አሞላቅቆ የሚያሳድግ ሰው ፍቅር ቢይዘው ምን ይገርማል?

የያዘው የተመራማሪዋ ፍቅር ነው። እሷ ግን ከማይክሮስኮፗ ቀና የምትለው «ደም አለ?» ለማለት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ደፈር ብሎ ጠየቃት።

«ዶክተር፣ ቆይ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት እዚያ ውስጥ?»

ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ፊቷ ይፈካል። «ዩቢኩቲን የምትባል ትንሽዬ ፕሮቲን አለች። ሌላ ፕሮቲን ሥራውን ሲጨርስ ትለጠፍበታለች፤ ‹ይሄ ይጣል› ማለት ነው። የሚለጥፏት ኢንዛይሞች አሉ፣ የሚነቅሏትም አሉ።»

«የቤት ጽዳት ነዋ! የሚጣለውን እየለዩ።»

«አዎ፣ እንደሱ በለው» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አንዱንም አልሰማም፤ ሳቋ ላይ ቀርቶ ነበር። ዋናው ነገር ግን የተነገረው ያኔ ነው። አንዱን ነቃይ ኢንዛይም ስትዘጋው ተሕዋሱ ከሞተ፣ ለአዲስ መድኃኒት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ካልሞተ አለቃቸው ሥራውን ይዘጋዋል።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ተመራማሪዋ ማይክሮስኮፗ ላይ እንዳጎነበሰች እንባዋን ስትጠርግ አያት። ስትወጣ ጠብቆ እሱም አየ። ተሕዋስያኑ ኩምትር ብለው እየሞቱ ነው። ለካ ለዚህ ነው የምታለቅሰው አለ። ከራሱ ጤነኛ ብልቃጥ ጥቂት ቀዳና ብልቃጧ ውስጥ ጠብ አደረገላት። ከዚያ ሄዶ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ውሎ ሲያድር ብልቃጧ በተሕዋስያን ተሞላ። አለቃው አይቶ «ያለ ኢንዛይሙም ይኖራሉ። በቃ፣ ይዘጋ» አለ። እሷ መሳቢያዋን ባዶ ማድረግ ጀመረች።

«ዶክተር፣ ድነውልዎት የለ እንዴ? ምን ያስከፋዎታል?» አላት ሞግዚቱ ግራ ገብቶት።

«እንዲሞቱ ነበር እኮ የምፈልገው!»

ክው አለ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢናገር ደግሞ ዓይኑን ማየት የምትፈልግ አልመሰለውም። የልፋቷ ነገር ግን እንደዚያ ሆኖ መቅረቱ አላስችል አለው።

«እኔ ነኝ። ሲያለቅሱ አይቼ... ከጤነኞቹ ጨመርኩበት።»

መሳቢያውን በኃይል ዘጋችው።

«በደስታ ነበር እኮ ያለቀስኩት! ምናለ ብትጠይቀኝ? ሂድ፣ ሂድ ከፊቴ!»

ሄደ። የሄደው ግን ወደ አለቃው ነበር፤ ያደረገውን ሳያስቀር ተናገረ። ለእሷ ሙከራውን እንድትደግም ተፈቀደላት፤ እሱን ዕቃ ማጠቢያ ክፍል አስገቡት። በኮሪደሩ ስትገናኘው ፊቷን አዙራ ታልፋለች። እሱም ገብቶ ብልቃጦቹን ሲያሽ ይውላል።

አንድ ከሰዓት የማጠቢያ ክፍሉ በር ተከፈተ። እሷ ናት።

«ና እስቲ እይ።»

ተከትሏት ሄዶ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። በደም ሴሎቹ ውስጥ ከጥቋቁር ፍርፋሪ በቀር ምንም የለም።

«ሞቱ?»

«ድራሻቸው ጠፋ።»

ቀና ሲል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በራሱ መገመቱን እርም ብሏል።

«ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?» አላት።

«ግማሹ ደስታ ነው» አለች። «ግማሹ ያንተ ነው። አኩርፌህ ከረምኩ እንጂ ናፍቀኸኝ ነበር፣ ገባህ? በል ጓንትህን አውልቅና እጄን ያዘኝ። ብልቃጤን ግን እንዳትነካ!»

ሞግዚቱ ጓንቱን አወለቀ።